ጠበል

ጠበል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለፈውስና ለበረከት የሚጠጣ፣ የሚጠመቁበትም የተባረከ ውሃ ነው። ብዙውን ጊዜ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ካለ ምንጭ ይገኛል፤ የሚጠራውም በታቦቱ ስም ነው።

ጥምቀቱ የሚፈጸመው በማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ ነው። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ውሃውን ይባርካል፤ ተጠማቂውንም እያጠመቀ በመስቀል ይዳብሰዋል። ርኩስ መንፈስ አድሮበታል የተባለ ሰው ሲጮኽ፣ አጥማቂው መንፈሱን ስሙንና አያያዙን እየጠየቀ ያስለፈልፈዋል። ሕመምተኛው በንስሐ አባቱ ምክር ለ7 ወይም ለ14 ቀን ሱባዔ ይገባል፤ ጠበል ይጠጣል፣ እምነት የተባለውን የተባረከ አመድ ይቀባል።

ከሩቅ የመጡ ጠበልተኞች በአካባቢው ቤት ተከራይተው ወይም በደጀ ሰላሙ ተጠግተው ይሰነብታሉ። አቅመ ደካማውን ጎረቤት ጠበልተኛ ደግፎ ያስጠምቀዋል፤ ቆሎውንም ያካፍለዋል። የዳነ ሰው ጧፍ፣ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ስለት ያገባል፤ የተደረገለትንም በጉባኤ ፊት ይመሰክራል።

በአዲስ አበባ የእንጦጦ ማርያም ጠበል ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ በርካታ ሰዎች የሚሄዱበት ስፍራ ሆኖ ቆይቷል። አንዳንዶቹ መድኃኒት መውሰድን እንደ እምነት ማጣት በመቁጠር ያቋርጡ ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚገባም አስተምረዋል።