ስትሮክ «ድንገት መታው» ቢባልም ዓመታት ቆይቶ ነው የሚመጣው

ልደታ ማርያም አካባቢ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶችን «እንዴት ነዎት?» ብትሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሏችኋል። ግፊታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነው? የዛሬው ጉዳያችን እሱ ነው።

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ የደም ስር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ከ55 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ አደጋው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ዕድሜን ማቆም አንችልም፤ አብረውት የሚደራረቡትን ነገሮች ግን መቀነስ እንችላለን።

ዋናው ደም ግፊት ነው። ከፍ ብሎ ለዓመታት ሲቆይ የደም ስሩን ግድግዳ ያደድረዋል፣ ያጠበዋል፤ ቀጫጭኖቹን ደግሞ አዳክሞ ያፈነዳቸዋል። ክፋቱ አለማመሙ ነው። ለዚህም ነው ስንቱ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ ኪኒኑን የሚያቆመው። የተሻለው እኮ ኪኒኑ ስለሠራ ነው! ጾም ሲገባ የሚያቋርጡም አሉ፤ ከማቋረጥ በፊት የመውሰጃውን ሰዓት ከሐኪም ጋር መነጋገር ይቻላል።

ቀጥሎ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። (ለአያት «ጨው ቀንሺ» ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን።)

ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራም የደም ስሩን ያበላሻሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው የልብ ምት መዛባትን ነው፦ ደም ልብ ውስጥ ይረጋል፣ የረጋው ተነስቶ አንጎል ጋ ሄዶ ይዘጋል። አደጋውን 5 እጥፍ ያህል ያሳድገዋል።

ፊት በአንድ ወገን ከወደቀ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ «ምች ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ባብዛኛው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ እሱም ሲቲ ስካን ታይቶ ደም አለመፍሰሱ ሲረጋገጥ። ስለዚህ ቤት ውስጥ አስፕሪን እንዳትሰጡ። ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋም ሂዱ። ለልደታ ሰው ጥቁር አንበሳም ባልቻም ሩቅ አይደሉም።

አምቡላንስ 907 ወይም 939 ነው፣ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትም ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።