ነቀዝ የመሰከረለት ጎተራ

ነቀዝ የገበሬ ጠላት ነው፡፡ ለጥንት ታሪክ አጥኚዎች ግን ያልታሰበ ምስክር ሆኗል፡፡ የሰጠው የምስክርነት ቃልም በጃፓን የጥንት ሸክላ ላይ ታትሞ ይገኛል፡፡

ከሩዝ እርሻ በፊት የነበሩት የጆሞን ዘመን ሰዎች በአደን፣ በዓሣ ማስገርና የዛፍ ፍሬ በመልቀም ይተዳደሩ ነበር፡፡ ሸክላም ይሠሩ ነበር፡፡ በእርጥቡ ጭቃ ውስጥ ነቀዝ ከገባ፣ ሸክላው ሲተኮስ ነፍሳቱ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ቅርጹ ግን እንደ ማኅተም ይቀራል፡፡ ተመራማሪዎች በዚያ ክፍተት ሲሊኮን ሞልተው ሲያወጡት የነፍሳቱ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል፡፡ ከላይ የማይታየውን፣ በሸክላው ውስጥ የተቀበረውን ደግሞ በኤክስሬይ ያገኙታል፡፡

ቀደም ሲል ነቀዝ ጃፓን የገባው ከሩዝ ጋር ነው ተብሎ ይታመን ነበር፡፡ የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲው ሂሮኪ ኦባታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ግን በታኔጋሺማ ደሴት በተገኘ ሸክላ ላይ 10,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የነቀዝ አሻራ አቀረቡ፡፡ ሩዝ ከመምጣቱ በሺሕ የሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ማለት ነው፡፡ ዝርያው ዛሬ የእኛንም በቆሎ በጎተራ የሚጨርሰው የበቆሎ ነቀዝ ነው፡፡ ስሙ አያሳስት፤ በዚያ ዘመን በጃፓን በቆሎ አልነበረም፡፡ ነቀዙ ይበላ የነበረው ሰዎች ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን የኦክ ዛፍና የቼስትነት ፍሬ እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ፡፡

በሕግ ቋንቋ ይህ የአካባቢ ማስረጃ ነው፡፡ አንድ ነቀዝ ብቻውን በአጋጣሚ ጭቃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፡፡ በሰሜናዊቷ ሆካይዶ፣ ታቴሳኪ በተባለ ሥፍራ በተገኘ አንድ ማሰሮ ላይ ግን የ417 ነቀዞች አሻራ ተቆጥሯል፤ የጎደለው የማሰሮው ክፍል ሲገመት ቁጥሩ 500 ይደርሳል፡፡ ይህን ያህል ነቀዝ የሚራባው የተከማቸ ምግብ ባለበት ነው፡፡ ከዚህም በላይ ቼስትነት የሆካይዶ አገር በቀል ዛፍ አይደለም፡፡ ስለዚህ ፍሬው ከደቡብ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል፤ ነቀዙም አብሮ ተጭኗል የሚለው መደምደሚያ ሚዛን ይደፋል፡፡

ከእርሻ በፊት የነበረውን ሰው ከእጅ ወደ አፍ ይኖር ነበር ብለን የፈረድንበት ብዙዎች ነን፡፡ ፍርዱ እንደገና ሊታይ ይገባዋል፡፡ ያ ሰው ለክረምት የሚያስብ፣ የሚያከማችና የሚያጓጉዝ ነበር፤ ያከማቸውንም ከነቀዝ ጋር ይካፈል ነበር፡፡