ኅዳር ሲታጠን፦ ጭሱን ይዘን ትምህርቱን ረሳነው

ኅዳር 12 ማለዳ ከእንጦጦ ቁልቁል አዲስ አበባን ያየ ሰው ከተማዋ በእሳት የተያያዘች ሊመስለው ይችላል። በየደጁ፣ በየቦዩ ዳር፣ በየግቢው ጥግ የተጠረገው ቆሻሻ ተከምሮ ይነዳል። መንገደኛው ዓይኑን እያሻሸ፣ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ያልፋል። ምን ሆናችሁ ነው ብትሉ መልሱ አጭር ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን ነው።» ምኑ እንደሚታጠን፣ ለምንስ እንደሚታጠን የሚያጫውታችሁ ሰው ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው።

እኔ ዛሬ ስለዚህ ጭስ ላጫውታችሁ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የሐዘን መታሰቢያ ነው። በውስጡም ዛሬም የሚያስፈልገን ትምህርት አለ።

ነገሩ የሆነው በ1911 ዓ.ም ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዙፋን ላይ ናቸው፤ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ናቸው። አውሮጳ አራት ዓመት ሙሉ የተላለቀችበት ጦርነት እያበቃ ነበር። የተኩስ ማቆሙ ስምምነት የተፈረመው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2 ቀን 1911 ነው። በዚያው ሰሞን ግን ከጦርነቱ የበለጠ ሰው የፈጀ በሽታ ዓለምን እየዞረ ነበር። ፈረንጆቹ «የስፔን ጉንፋን» አሉት። ስሙን ያገኘው ከስፔን ስለተነሳ አይደለም። ተዋጊዎቹ አገሮች የወታደራቸው ልብ እንዳይሸበር ወሬውን ሲያፍኑ፣ በጦርነቱ ያልገባችው ስፔን ጋዜጦቿ በግልጽ ስለጻፉት ነው። በመላው ዓለም የገደለው ሰው እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል።

ወደ እኛስ እንዴት መጣ? በብዙዎች ዘንድ የሚታመነው ከባሕሩ ዳርቻ፣ በጅቡቲ በኩል እንደገባ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነበር። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ የቀናት ጉዳይ ሆነ። በቅፍለት ዘመን በመንገድ የታመመ ሰው ወይ እዚያው ይድናል፣ ወይ እዚያው ይቀራል። በባቡር ዘመን ግን ሳል የጀመረው ሰው ከነሳሉ ከተማ ይገባል። ሸቀጥ ያፈጠነው ሐዲድ በሽታውንም አፈጠነው።

ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው፤ «የንፋስ በሽታ» ያለውም ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው በሺዎች ይቆጠራል። የዘመናዊ ሕክምና ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ነው የተረፉት። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ«ዝክረ ነገር» ስለዚህ በሽታ ጽፈዋል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም ራሱን የቻለ ጥናት አበርክተውበታል።

የዚህን በሽታ ክፋት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው ጉንፋን የሚበረታው በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ነው። ይኼኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች አብዝቶ ጣለ። ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ እህል የሚፈጨው፣ መቃብር የሚቆፍረው ማለት ነው። አንድ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ሲተኛ አልጋው አጠገብ ቆሞ «ውሃ ልስጥህ» የሚል ይጠፋል። ሟቹን የሚያጥብ፣ የሚገንዝ፣ የሚሸከም ይጠፋል። ለቅሶ በሌለበት መቀበር ለእኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ሰዉም ያለውን ሁሉ አደረገ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎት፣ ጸበል፣ ጸሎት። ከተማውን ጥሎ ወደ ገጠር የሄደም ነበር። ይህ በእኛ አገር የቆየ ብልሃት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስም ጣና ዳር በሰፈሩበት ጊዜ ኮሌራ ሠራዊታቸው ውስጥ ሲገባ ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጥተዋል። በሰፊው እንደሚነገረው ደግሞ በ1911 በሽታውን ያስወግዳል ተብሎ ከተማው ተጠረገ፣ ቆሻሻው ተቃጠለ። በሽታውም እየለቀቀ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እሳቱ ይነዳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጭሱ በሽታውን አባረረው ወይ?

አላባረረውም። ይህን ስንል ግን አባቶቻችንን ለመናቅ መሆን የለበትም። በሽታ ከተበላሸ አየርና ከክፉ ሽታ ይመጣል የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1665 ወረርሽኝ ሲገባባት አየሩ ይጠራ ዘንድ በየጎዳናው እሳት እንዲነድ ታዝዞ ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ስለዚህ በ1911 ኅዳር ላይ የገጠሙት ጠላት ምን እንደሆነ የኢትዮጵያ ሰው ቀርቶ የፓሪስ ሐኪምም አያውቅም ነበር።

ዛሬ ግን እናውቃለን። ያ በሽታ የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስ፣ በታፈነ ቤት ውስጥ በጋራ በሚተነፈስ አየር፣ በእጅ ነው። ቆሻሻ ክምር ውስጥ አይኖርም። ጭስ ደግሞ ሳንባን ያቆስላል፤ የታመመን ሳንባ ይበልጥ ያዳክማል። በዚያ ዘመን የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጭራሮ ነበር። ዛሬ የምናቃጥለው ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የተጣለ ጫማ ነው። ከዚህ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። በከሰልና በእንጨት በሚበሰልባቸው ቤቶች የሚያድጉ ሕፃናት ለሳንባ ምች ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ የሳንባ ምች ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ሰውን ከሳንባ በሽታ ያድናል ተብሎ የተጀመረ ልማድ ዛሬ ሳንባ እያሳመመ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጽዳቱስ? ጽዳቱ ትክክል ነበር፤ ለጉንፋን ባይሆንም ለሌላው። ተስቦን የሚያዛምተው ቅማል፣ አተትን የሚያመጣው የተበከለ ውሃ፣ ዝንብ የሚፈላበት ክምር፣ ትንኝ የሚራባበት የቆመ ውሃ፣ ሁሉም በመጥረጊያ፣ በሳሙናና በአካፋ የሚቀነሱ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰፈር በአንድ ቀን «የሁላችንም ጤና የሁላችንም ሥራ ነው» ብሎ መውጣቱ ነው ትልቁ ነገር። የኅዳር 12 ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ስሜት ገፋፍቶኝ አይደለም። ሰፈርተኛው ራሱ የተሳተፈበት መከላከል በዚችው አገር ታላቅ ድል አስገኝቷል። የፈንጣጣን ነገር ተመልከቱ።

ክትባት እኛ ዘንድ ከዘመናዊው መርፌ በፊት የነበረ ነው። ቀለል ያለ ፈንጣጣ ከወጣበት ሰው ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጭሮ መክተብ የታወቀ ልማድ ነበር፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አገራችንን ያዩ አውሮጳውያን መዝግበውታል። አደጋ ግን ነበረው፤ የተከተበው ራሱ በጠና ሊታመም፣ በሽታውንም ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። በአንዳንድ ገጠሮች ይህ ልማድ እስከ 1960ዎቹ ዘልቋል።

ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1963 ነው። መንገድ የሌለው አገር፣ ጥቂት የጤና ባለሙያ፣ ኋላም አብዮትና ጦርነት። ሁሉንም ሰው ከትቦ መጨረስ አይታሰብም። ስለዚህ የተያዘው ዘዴ ሌላ ነበር፤ በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ ከሌላው እንዳይቀላቀል ማድረግ፣ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ መክተብ። ሠራተኞቹ ፈንጣጣ የወጣበትን ሕፃን ፎቶግራፍ ይዘው ገበያና ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን የሚሰጠው ገበያተኛውና ተማሪው ነበር። በሽታው የተሸሸገበትን ጎጥ ያሳየው ራሱ ሕዝቡ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968፣ በደቡብ ምሥራቁ በረሃ ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በ1970 ጎረቤት ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ። በ1972 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ ፊቱ በፈንጣጣ የተጠቃቀሰ ወጣት የማናየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከ1995 ወዲህ ያለው የጤና ኤክስቴንሽን ነው። ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማሩ። ሥራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ መጸዳጃ እንዲቆፈር፣ እጅ እንዲታጠብ፣ ሕፃን እንዲከተብ፣ ነፍሰ ጡር እንድትመረመር መምከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከ1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ይህ ቁጥር ወደ 68 ወርዷል። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ያቺ ደብተሯን ይዛ በፀሐይ የምትዞር ልጅ ግን ትልቅ ድርሻ አላት።

ከዚያ ኮሮና መጣ። የመጀመሪያው በሽተኛ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ያኔ ምን እንዳደረግን ታስታውሳላችሁ። በየሱቁና በየባንኩ በር ጀሪካንና ሳሙና ተደረደረ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ተወደደ፤ ዕጣንና ባሕር ዛፍ ጨሰ። ከመቶ ዓመት በኋላም የ1911ዱ ሰው እኛው ውስጥ አለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን ጀሪካኑ ከየበሩ ተነሳ። ሳሙናውን ለመርሳት አንድ ዓመት አልፈጀብንም፤ ጭሱን ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልረሳነውም። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ኅዳር 12 ይቅር አይደለም። ይከበር፤ ግን ትርጉሙ ይመለስለት።

እንጥረግ፣ አናቃጥል። የሚበሰብሰውን እንቅበር፣ ፕላስቲኩን ለይተን ለሚሰበስቡት እንስጥ። ቦዩን እንክፈት፣ የቆመውን ውሃ እናፍስስ። በዚያው ዕለት የሰፈሩን ልጆች የክትባት ካርድ እንይ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነው፣ ሁለተኛው የቀረበት ልጅ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ጉንፋን የያዘው ሰው ቤት ይረፍ፣ መስኮት ይከፈት፣ የሚያስለው ሰው አፉን በክርኑ ይሸፍን፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ ሐኪም ሳያዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ይቅር። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱ የሚወጋው፣ ትኩሳቱ አልወርድ ያለ ሰው ግን «ጉንፋን ነው» ተብሎ አይተው፤ ቶሎ ይታይ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1911 ብዙ ሰው የተጎዳው በበሽታው ብቻ አይመስለኝም፤ ውሃ የሚያቀብለው በማጣትም ጭምር ነው። ዛሬ በየሰፈሩ ዕድር አለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የተዘጋጀው ሞት ሲመጣ ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ ጠይቀዋል፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ረድተዋል፤ እንችልበታለን ማለት ነው። ታዲያ ዕድራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ዝርዝር ቢይዝ፣ ሰው ሲታመም በር ላይ ውሃና ምግብ የሚያደርስ ተረኛ ቢመድብ ምን ይከብደዋል? ቀባሪ ከማዘጋጀት ጠያቂ ማዘጋጀት ይቀድማል።

የሚቀጥለው ኅዳር 12 ሲመጣ ክብሪቱን ከማንሳታችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። በዚያ ዓመት ያለ ቀባሪ ለቀሩት መታሰቢያ የሚሆነው እሱ ነው።