አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የተማሪው ኑሮና የመጀመሪያው ቡድን

አንድ ወረዳ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈትለት የምናውቀው ሥርዓት አለ። ሪባን ይቆረጣል፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ብዛት ይነገራል፣ ሕብረተሰቡ በጉልበትና በገንዘብ ያዋጣው ይመሰገናል። ተማሪው የት እንደሚያድርና ከክፍል ሲወጣ የት እንደሚጫወት የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዬ ማጀቴና አካባቢዋ፣ ማለትም የይፋት ቆላ ነው። ጉዳዩ ግን የብዙ ወረዳዎች ነው።

ከአዳሪ ቤት ወደ ኪራይ ቤት

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1917 ዓ.ም. ነው። ራሱን የቻለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሲሆን፣ ቀዳሚው በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለው። ሁለቱም አዳሪ ተማሪዎችን የሚቀበሉ ነበሩ። ከጠቅላይ ግዛት የመጣው ልጅ የሚተኛበት አልጋ፣ የሚበላበት ጠረጴዛና ከሰዓት በኋላ የሚሮጥበት ሜዳ በአንድ ግቢ ያገኝ ነበር። ትምህርትም ኑሮም ጨዋታም በአንድ አጥር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ክፍለ ሀገር ሲስፋፋ ይህ አሠራር አብሮ አልሄደም። አልጋውን ለሁሉም ማዳረስ የመንግሥት አቅም አልፈቀደም። የይፋት ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ሲፈልግ አንዱ መንገድ ጣርማ በርን ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ መግባት፣ ሌላው ወደ ሰሜን ተጉዞ ደሴ ወይዘሮ ስኂን መግባት ነበር። ከዘመድ ቤት መጠጋት ወይም አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት መከራየት የተማሪው ዕጣ ሆነ። አዲስ ትምህርት ቤት በቅርብ ሲከፈት ትልቁ ጥቅም ይህን መንገድ ማሳጠሩ ነው።

የቆላው ተማሪ

ማጀቴ ከአዲስ አበባ ደሴ ዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ፣ ከደጋው ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ለሚመጣ ተማሪ መንገዱ አጠረ እንጂ አልቀረም። ቀበሌው ሩቅ የሆነበት ልጅ ዛሬም ቤት ይከራያል። ስንቁን፣ ማለትም እንጀራውን፣ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን፣ ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰቡ ይዞ ይመለሳል። ውኃ ይቀዳል፣ ያበስላል፣ በማታ ያጠናል። ማሽላው ሲያፈራ ወፍ ለመጠበቅ፣ ሲደርስም ለአጨዳ ወላጅ ልጁን ይፈልገዋል። በእነዚህ ሳምንታት ክፍሉ የሚሳሳው ከስንፍና የተነሳ አይደለም።

የሴቷ ነገር ደግሞ ይለያል። ልጁን ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንድትማር መላክ ለብዙ ወላጅ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም አይባልም። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ሲሆን ጋብቻው ይቀርባል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ነገር ግን ይህን ድንጋጌ በተግባር የሚያስከብረው ከፍርድ ቤቱ ይልቅ በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቡድን እንዴት ይወለዳል?

በአዲስ ትምህርት ቤት ቡድን የሚወለደው ከላይ በሚመጣ መመሪያ አይደለም። በመጀመሪያ የጨርቅ ኳስ አለ። ከዚያ የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሎ ጎል ይሆናል። 9ኛ "ሀ" ከ9ኛ "ለ" ይገጥማል። የስፖርት መምህሩ ፊሽካ ይዞ ይቆማል፤ ከክፍል ለክፍል ውድድር ጎልተው የወጡት ተመርጠው "የትምህርት ቤቱ ቡድን" ይባላሉ። ማልያ በመዋጮ ይገዛል። ቀጥሎ የጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት ይጋበዛል፤ በአይሱዙ ጭነት ላይ እየዘፈኑ ይኬዳል። ትምህርት ቤቱ ስም ያገኘው ያን ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ የመንግሥት ሕንፃ ነበር።

ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኮንን ተማሪ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወጣቶች ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዓመታት ተጫውተዋል። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ከዚህ ይበልጥ ለገጠር ከተማ የሚቀርበው ምሳሌ የአርሲዋ በቆጂ ናት። እዚያ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር ከተማሪዎቻቸው መካከል ሯጮችን መልምለው ማሠልጠን ጀመሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእርሳቸው እጅ ካለፉት መካከል ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ ስታገኝ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። በቆጂ ያን ጊዜ ስታዲየም አልነበራትም። የነበራት አንድ የሚያይ መምህር ነው።

ሜዳውና ሕጉ

ለእግር ኳስ ሙሉ ሜዳ ያስፈልጋል። በተለምዶ የሚመረጠው ልክ 105 በ68 ሜትር ሲሆን፣ ይህ ከሰባት ሺሕ ካሬ ሜትር በላይ ቦታ ነው። ግን ቦታ የለንም ለሚል ርዕሰ መምህር ሌላ መልስ አለ። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ብቻ ነው። የእጅ ኳስ 40 በ20፣ የቅርጫት ኳስ 28 በ15 ይበቃቸዋል። የመረብ ኳስ ሁለት ቋሚ፣ አንድ መረብና አንድ ኳስ ካገኘ ይጀመራል፤ ሴቶችም በቀላሉ ይገቡበታል። በቆላ ሙቀት ደግሞ ልምምዱ ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሆን፣ የመጠጥ ውኃም በአቅራቢያ ቢኖር ልጆቹ አይጎዱም።

ትልቁ አደጋ ሌላ ነው። የትምህርት ቤት ሜዳ ባዶ ቦታ ይመስላል። ከተማዋ ስታድግ ዓይን የሚጣልበት እሱ ነው፤ ዛሬ ለጽሕፈት ቤት፣ ነገ ለሱቅ እየተባለ ከጫፉ ይቆረሳል። ሜዳውን የሚጠብቀው ወረቀት ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 መንግሥት ለሚያካሂዳቸው የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ቦታ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ አዲስ ትምህርት ቤት ሲመሠረት ወላጆችና መምህራን በቅድሚያ ሊጠይቁ የሚገባው፣ ሜዳው በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ውስጥ ገብቷል ወይ? የሚለውን ነው። ካርታ ላይ ያልሰፈረ ሜዳ ሲወሰድ ክርክሩ አስቸጋሪ ይሆናል።

ከዚህም በላይ የሚጠቀስ ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ልጆች የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ደንግጓል። አንቀጽ 41(9) ደግሞ መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት ይሰጠዋል። ሜዳ መጠየቅ ቅንጦት መጠየቅ አይደለም ለማለት ይህ በቂ ይመስለኛል።

ኳስ ወይስ ፈተና?

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ ልጁ ኳስ ሲያሳድድ ይዋል እንዴ? ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሜዳውን በመዝጋት ውጤቱን ያሻሻለ ትምህርት ቤት እስካሁን አላየሁም። ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚያስተሳስረው ገመድ ቀጭን ነው። የስፖርት ቡድኑ፣ ሚኒ ሚዲያውና ክበቡ ያንን ገመድ ያጠብቁታል። ነገ ግጥሚያ ያለው ልጅ ዛሬ ከትምህርት አይቀርም። መምህሩ "ውጤትህ ከወረደ አትሰለፍም" ብሎ ሊያስጠነቅቀው የሚችለውም ቡድን ሲኖር ነው።

አንድ ማልያ

የመጨረሻውና ለይፋት ከሁሉም የሚከብደው ነጥብ ይኸውና። በዚህ ቆላ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የሰንበቴ ገበያ ሁሉንም ሲያገናኝ የኖረ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ውጊያ በክልሉ ሲስፋፋና ማጀቴንም ሲነካት፣ ትምህርት ቤቶች የጉዳቱ ቀዳሚ ተካፋዮች ሆነዋል። በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት ዓመት አይተናል።

ሕግ የተማረ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ በትምህርት ቤት ጨዋታ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፊሽካው ነው። ሁለት ቡድን አስቀድሞ በተስማማበት ደንብ ይጫወታል። ዳኛው ይሳሳት ይሆናል፤ ተከራክሮም ቢሆን ጨዋታው ይቀጥላል። የተሸነፈው እጅ ይጨብጣል፣ የመልሱን ጨዋታ ቀን ይጠይቃል። ልጆቻችን ይህን የሚማሩበት ሌላ ቦታ እየጠበበ ነው። ከተለያየ ቀበሌና ከተለያየ ቤት የመጡ 11 ልጆች አንድ ማልያ ለብሰው ሲሰለፉ፣ ወላጆቻቸውም ከመስመሩ ዳር ቆመው ለአንድ ወገን ይጮኻሉ።

ስለዚህ አዲስ ትምህርት ቤት የሚሠሩም ሆኑ የፈረሰውን የሚጠግኑ ሁሉ ሜዳውን በዕቅዱ መጨረሻ "በጀት ከተረፈ" ከሚለው መስመር ያንሱት። ክፍሉ ሲለካ ሜዳውም አብሮ ይለካ፣ ካርታው ላይም ይስፈር። የስፖርት መምህሩ አብሮ ይቀጠር፣ ለሴቶችም መረብ ይወጠር። ጎሉ ከባሕር ዛፍ ቢሆን ግድ የለም።