የኮፓ ዘይት ፍሳሽ

የኮፓ ዘይት ፍሳሽ በሞተር ግርጌ ከሚገኘው የዘይት መያዣ፣ በተለምዶ ኮፓ ከሚባለው ክፍል፣ የሞተር ዘይት ወደ ውጭ ሲንጠባጠብ ወይም ሲፈስ የሚታይ ብልሽት ነው። ኮፓ የሚለው ቃል እንደ ጓርኒሲዮን፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ የጋራዥ ቋንቋ የገባ ነው። ብልሽቱ በማንኛውም መኪና ላይ ይደርሳል። በአራቱም ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ግን የፍሳሹን ምንጭ መለየትም፣ ኮፓውን ማውረድም ይበልጥ ያስቸግራል።

በመተማ ቆላ

ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደው አስፋልት በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል አልፎ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ከ800 ሜትር በታች ወደሆነው የሱዳን ጠረፍ ቆላ ይወርዳል። ኮፓን የሚጎዳው ግን ይህ መንገድ ሳይሆን ወደ ቋራ፣ ወደ አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢና ወደ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ እርሻዎች የሚያስገባው የጠጠርና የአፈር መንገድ ነው። በበጋ የደረቀ የጎማ ቦይ፣ ድንጋይና ጉቶ ኮፓውን ከሥር ይመታዋል። በክረምት ደግሞ ጥቁሩ የመረሬ ጭቃ ከመኪናው ሆድ ጋር ተጣብቆ ስለሚደርቅ የፈሰሰውን ዘይት ይሸፍነዋል። ባለቤቱ ፍሳሹን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የዘይት መብራት ሲበራ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል። ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን በደጋ ዝም ብሎ የነበረ ቀዳዳ በቆላ ያንጠባጥባል።

ዘይቱ ሲያልቅ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ብሮንዚናዎች ያለ ዘይት ይፋተጋሉ፣ ሞተሩም ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ከበራ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት እንጂ «እስከሚቀጥለው ከተማ» ብሎ መንዳት አይገባም። በጥቂት ሊትር ዘይት ሊድን የሚችል ሞተር በጥቂት ኪሎ ሜትር ጉዞ ይጠፋል።

ምንጩን መለየት

ከኮፓ ጫፍ የሚንጠባጠብ ዘይት ሁሉ ከኮፓ የመጣ አይደለም። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከቴስታታ ክዳን፣ ከዘይት ፊልትሮ ወይም ከሞተሩ የፊት ሲል የወጣ ዘይት መጨረሻ ላይ የሚታየው ኮፓው ላይ ነው። በሞተርና በካምቢዮ መገናኛ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ የክራንክሻፍቱ የኋላ ሲል ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ኮፓ በመቀየር ማዳን አይቻልም።

በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ሌላ መምታቻ አለ። የፊት ዲፈረንሻል፣ ካምቢዮውና ኃይል አከፋፋዩ ሳጥን የየራሳቸው ዘይት ስላላቸው አንዱ የሌላውን ፍሳሽ ይመስላል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራምና እንደ ድኝ የሚሸት ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። አስተማማኙ መንገድ ጭቃውን አጥቦ፣ ሥሩን በደንብ አድርቆ፣ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ካስነሱ በኋላ መጀመሪያ የሚረጥበውን ከፍተኛ ቦታ መፈለግ ነው። በደረቀው ብረት ላይ የሚነሰነስ የሕፃን ፓውደርም መስመሩን ያሳያል።

ጥገና

መጀመሪያ የሚታየው የማፍሰሻው ቡሎን ነው። ብዙ «የኮፓ ፍሳሽ» ሮንደላውን በመቀየር ብቻ ይቆማል። የቡሎኑ ጥርስ ከተበላ ግን በኃይል ማጥበቅ የኮፓውን ጥርስ ጨምሮ ይበላዋል።

ኮፓውን ማውረድ ካስፈለገ የፊት አክስሉ ዓይነት ሥራውን ይወስናል። እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ባሉ ወጥ የፊት አክስል ባላቸው መኪኖች ሻንሲው ሲነሳ አክስሉ ወደ ታች ስለሚቀር ቦታ ይከፈታል። የፊት ዲፈረንሻሉ በሻንሲው ላይ በታሰረባቸው ብዙ ፒክአፖች ግን ዲፈረንሻሉን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በመረሬ አፈር ላይ ክሪክ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ ይደረጋል፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ሰው አይገባም።

ዘይቱ ለብ ሲል ይፈስሳል። ቡሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ አሮጌው ሲሊኮን ተፍቆ ሁለቱም ገጾች በቤንዚን ይጸዳሉ። የቆርቆሮ ኮፓ ከንፈር በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ከታጠፈ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ተቀጥቅጦ ይቃናል። ይህ ካልተደረገ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይረዳም። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች በጓርኒሲዮን ፋንታ ሲሊኮን ይጠቀማሉ፤ እሱም ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር በሚሆን ያልተቋረጠ መስመር፣ ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ይቀባል። ሲበዛ የተረፈው ወደ ውስጥ ወድቆ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊዘጋ ይችላል። ከተቀባ በኋላ ኮፓው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይገጠማል። ትንንሾቹ ቡሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ ተራ በተራ፣ በመጠኑ ይጠብቃሉ። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ዘይት መሙላት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

የተሰነጠቀ የቆርቆሮ ኮፓ ወርዶና ታጥቦ ይበየዳል፤ አሉሚኒየም ግን የአርጎን ብየዳ ይፈልጋል። ኮፓው መኪናው ላይ እንዳለ መበየድ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከጋራዥ ርቆ ለሚገኝ ሰው ጊዜያዊው መፍትሔ ሁለት ዓይነት ቅባት ተቀላቅሎ የሚደርቅ የብረት ሙጫ ነው። እሱም የሚይዘው ዘይቱ ወጥቶ ብረቱ ከተፋቀና ከደረቀ ብቻ ነው። በነዳጅ ታንክ ቀዳዳ ላይ የሚለጠፈው ሳሙና ለኮፓ አይሆንም፤ በሙቀት ይቀልጣል።

ተመልሶ ሲፈስ

በደንብ የተጠገነ ኮፓ በሳምንት ውስጥ እንደገና ካፈሰሰ መታየት ያለበት የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ነው። ቱቦው በአቧራና በዘይት ከተዘጋ ወይም የፒስቶን ቀለበቶቹ ከተበሉ በሞተሩ ሆድ የሚጠራቀመው ግፊት ዘይቱን በደካማው መገጣጠሚያ ያስወጣዋል።