የስደተኛ ሐቅ፤ ከነጃሺ ችሎት እስከ ዘመናችን ሕግ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የነጃሺን ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ቤት በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። ልጆቻችን ከመድረሳ ጀምረው ይሰሙታል፤ ትልልቆቻችንም በየመድረኩ ያነሱታል። እንኮራበታለን፤ ልንኮራበትም ይገባናል። ሆኖም ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምንተርከው ስለ ንጉሡ ደግነት ለመናገር ነው። ደግነት ደግሞ ሰው ሲፈልግ የሚያደርገው፣ ሳይፈልግ የሚተወው ነገር ይመስለናል። ዛሬ ታሪኩን በሌላ ዓይን፣ በሐቅ ዓይን እንየው። ተሰዶ የመጣ ሰው በተቀበለው ሕዝብ ዘንድ ምን ሐቅ አለው? ከገባ በኋላስ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጤነቱ ብቻ ዝቅ ተደርጎ ሊታይ ይገባልን?

የነጃሺ ችሎት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ፣ የቁረይሽ ግፍ በበረታ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ምድር ገቡ። 12 ያህል ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ። ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤቱ የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በሁለተኛው ስደት ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ወንዶቹ ብቻ ከ80 በለጡ።

ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን መልእክተኛ አድርገው ላኩ። መልእክተኞቹ የመካን ቆዳ ስጦታ ይዘው መጡ። በቅድሚያ የንጉሡን ሹማምንት አንድ በአንድ በስጦታ ደለሉ። ልመናቸውም ስደተኞቹ ለንጉሡ ሳይናገሩ ተላልፈው እንዲሰጡ ነበር። ይህን ልብ እንበል፤ የፈሩት ነገር ስደተኞቹ አፍ አውጥተው እንዳይናገሩ ነው።

ነጃሺ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው በአገሩ የተጠለሉበትን ሰዎች ቃላቸውን ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ተናገረ። አስጠራቸውም። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ቆሞ የደረሰባቸውን አስረዳ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበ። ዐምር በማግስቱ ተመልሶ የሃይማኖት ልዩነትን መጠቀሚያ ለማድረግ ሞከረ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን ጠይቃቸው ሲል ንጉሡን አነሳሳ። ሶሐቦቹም እምነታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። ንጉሡ ጥበቃውን አላነሳም። የቁረይሽን ስጦታም መለሰ።

በዚህ ችሎት ሦስት ነገሮች ጸንተዋል። አንደኛ፣ ስደተኛ ሳይሰማ አይባረርም። ሁለተኛ፣ እምነቱ ከአስተናጋጁ እምነት ስለተለየ ጥበቃው አይነሳበትም። ሦስተኛ፣ የስደተኛ ሐቅ በስጦታ አይሸጥም። እመት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በኋላ ስለዚያ ዘመን ሲተርኩ፣ በሐበሻ ምድር አላህን ሳይነኩ እንዳመለኩና የሚያስከፋ ቃል እንኳ እንዳልሰሙ ተናግረዋል። አለመመታት አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ቃል አለመስማት ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ስደተኛን በሰላም ማኖር ማለት ከዱላም ከስድብም መጠበቅ ነው።

የመዲና ፈተና

ከዚያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ስደተኛ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ622 መዲና ሲገቡ፣ ከመካ የመጡት ሙሃጂሮች ቤታቸውንና ንብረታቸውን ጥለው ነበር። ነቢዩ ሙሃጂሩን ከአንሷሩ ጋር ወንድም አደረጉ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ሀብቱን ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሊያካፍለው ሲል፣ ዐብዱረሕማን አመስግኖ የገበያውን መንገድ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። ወደ ገበያው ወርዶም በንግድ ራሱን ቻለ። ስደተኛ ዕድል ካገኘ ሸክም እንደማይሆን ለማወቅ ይህ ይበቃል። በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ የበኒ ነዲር መሬት ሲገኝ ነቢዩ ከጥቂት ድሃ አንሷሮች በቀር ለሙሃጂሮች አከፋፈሉት። ዓላማውም ሙሃጂሩ በአንሷሩ ትከሻ ላይ እንዳይቀር ነበር። ሱረቱል ሐሽርም ከቤታቸው የተባረሩትን ድሆች ሐቅ ከጠቀሰ በኋላ፣ ራሳቸው ተቸግረው ሌላውን ያስቀደሙትን አንሷሮች አመሰገነ።

ይሁን እንጂ በመዲናም ፈተና አልጠፋም። በበኒ ሙስጦሊቅ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮች ወገን የሆነ አንድ ሰውና የአንሷሮች ወዳጅ የሆነ አንድ ሰው በውኃ ጉድጓድ ዳር ተጣሉ። አንዱ ሙሃጂሮችን፣ ሌላው አንሷሮችን ለእርዳታ ጠራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የጃሂልያ ጥሪ ነው ብለው አወገዙት፤ የሚሸት ነገር ስለሆነ እንዲተውትም አዘዙ። ሙሃጂርና አንሷር የሚሉት ስሞች በቁርኣን የተከበሩ ስሞች ናቸው። ለመለያያ ሲሆኑ ግን እነዚህም ሸተቱ። የእኛ የብሔርና የሰፈር ስሞችማ ምን ያህል ይሸቱ!

የሙናፊቆች መሪ ዐብደላህ ኢብኑ ኡበይም በዚያው አጋጣሚ ወደ መዲና ሲመለሱ የከበረው የተዋረደውን እንደሚያስወጣ ዛተ። ሙሃጂሮቹ ላይ ገንዘብ እንዳይወጣም መከረ። አስጠግተናቸው አስቸገሩን ማለቱ ነው። በዚህ ንግግሩ ሱረቱል ሙናፊቁን ወረደ። ስለዚህ ስደተኛን አብልተን አጠጥተን ጠገቡብን እያልን በየሻይ ቤቱ የምናወራ ሰዎች፣ ይህ ንግግር በቁርኣን ውስጥ በማን አንደበት እንደተጠቀሰ ብናስታውስ ይበጀናል።

የመርከቡ ሰዎች

ጃዕፈርና ጓደኞቹ ከሐበሻ የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ኸይበር በተከፈተ ጊዜ ነው። በጦርነቱ ያልነበሩ ቢሆኑም ነቢዩ ድርሻ ሰጧቸው። በዚያ ሰሞን ዑመር (ረ.ዐ) የጃዕፈርን ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) አግኝቶ፣ እኛ በሒጅራ ቀድመናችኋልና ለነቢዩ የምንቀርበው እኛ ነን አላት። አስማ ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ሆናችሁ የተራባችሁን ሲያበሉ፣ ያላወቀ ሲማር፣ እኛ በሩቅ አገር ነበርን ስትል መለሰች። ጉዳዩንም ለነቢዩ አቀረበች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዑመርና ለባልደረቦቹ አንድ ሒጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ፈረዱ። አስማ እንደምታወሳው ከዚያ በኋላ አቡ ሙሳና (ረ.ዐ) የመርከቡ ሰዎች ይህን ሐዲስ ከእርሷ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡ ነበር። አንዲት ስደተኛ ሴት ክብሯ ሲነካ ዝም አላለችም፤ አቤት ብላም ፍርድ አገኘች።

የዘመናችን ሕግ

ይህ ሁሉ በነበረ ከ1300 ዓመት በኋላ የዓለም መንግሥታት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰቆቃ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቫ የስደተኞችን ስምምነት አጸደቁ። ስምምነቱ ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ወደሚያገኛት ስፍራ መመለስን ይከለክላል። በ3ኛው አንቀጹም በዘር፣ በሃይማኖትና በመጡበት አገር ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህችው አዲስ አበባ ሌላ ስምምነት አጸደቀ። በወረራና በከባድ ሁከት የሸሹትንም ስደተኛ ብሎ አካተተ። ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብዓዊ ተግባር ስለሆነ ማንም አገር እንደ ጠብ ሊያየው እንደማይገባም ደነገገ። ነጃሺ የቁረይሽን መልእክተኞች ባዶ እጃቸውን የመለሰው በዚሁ መንገድ ነበር።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አድልዎን ይከለክላል። የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ እንዲታይ፣ ስደተኛም በሕጉ መሠረት እንዲሠራና የባንክ አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል።

ድንበር ሳይሻገሩ በገዛ አገራቸው ለተፈናቀሉትም ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው የካምፓላ ስምምነት፣ ሰው በመፈናቀሉ ብቻ መብቱ እንዳይሸራረፍ ይከለክላል። ኢትዮጵያም በ2020 አጽድቃዋለች። ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ2018 ብቻ በአገራችን በግጭት ምክንያት 2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል ተመዝግቧል። ከዚያም በኋላ መከራው አላባራም።

የእኛ ድርሻ

ሕጉ በወረቀት ላይ ነው፤ ቤት የሚከራየው ግን እኛ ጋር ነው። የተፈናቀለ ቤተሰብ ቤት ሊከራይ ሲመጣ ከየት መጣህ፣ ዘርህ ምንድን ነው ብለን ዋጋ የምንጨምርበት ከሆነ፣ አዋጁን ያፈረስነው እኛ ነን። ስደተኛውን በግማሽ ደመወዝ የምናሠራ ከሆነ፣ ሌላ የሚሄድበት የለም በሚል ሐቁን በልተናል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት መጤ እያሉ የሚሳደቡ ከሆነ፣ ቃሉን የሰሙት ከቤታችን ነው።

እኛም በሰው አገር ስንኖር ይህ ሐቅ እንዲጠበቅልን እንመኛለን። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። በሕግ ቋንቋ ስደተኞች ሳይሆኑ ለሥራ የሄዱ ነበሩ፤ ያም ሆኖ ሲጉላሉ ያዘነች እናት ሁሉ የሰው ልጅ በባዕድ አገር ክብር እንደሚያስፈልገው ታውቃለች። ለልጇ የተመኘችውን በደጃፏ ለቆመው ልጅም ትመኝለት።

ስለዚህ በየጀማዓችን የተፈናቀሉ ጎረቤቶቻችንን እናስመዝግብ፤ ሙስሊም ቢሆኑም ባይሆኑም እንጠይቃቸው። ዘካችንን ስናወጣ ድሆቻቸውንና መንገድ ላይ የቀሩትን እናስብ። በኪራይ፣ በሥራ ወይም በትምህርት ሲበደሉ ካየን ቀበሌው ድረስ አብረን ሄደን እንመስክርላቸው። አስማ አቤት ያለችው ሰሚ ስለነበራት ነውና።

ነጃሺ በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሩቅ ሆነው ሰገዱበት። አላህ ለተጠለሉብን ሰዎች ሐቅ የምንቆም ያድርገን። የተሰደዱትን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስ፤ ቤት የሌላቸውንም ቤት ይስጣቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።