የመፈተኛ መሣሪያ አምፑልና የመተካቱ ጉዳይ

አሮጌ መሣሪያ ሲጠገን የተቃጠለውን አምፑል አውጥቶ ሌላ መትከል እንደ ቀላል ሥራ ይቆጠራል። ነገር ግን መሣሪያው ውጤቱን የሚናገረው በአምፑሉ ስለ ሆነ፣ የጠጋኙ ምርጫ የታሪክ ተመልካችንም የሚመለከት ነው።

በ1968 እ.ኤ.አ. በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጋሪ ጎርደን ሎጂክ ፕሮብ የተባለውን የዲጂታል ዑደት መፈተኛ ፈለሰፈ። ይህ መሣሪያ እንደ እስክሪብቶ በእጅ የሚያዝ ሲሆን፣ ጫፉ ዑደቱን በነካ ጊዜ መልሱን በብርሃን ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት አንዳንዶቹ በአንድ ትንሽ አምፑል ሦስት ነገር ያስታውቃሉ፤ ይኸውም አምፑሉ ደምቆ ሲበራ ቮልቴጁ ከፍተኛ፣ ሲጠፋ ዝቅተኛ፣ ሲደበዝዝ ግን ከሁለቱም ያልሆነ መሆኑን ነው።

መደብዘዙ የሚገኘው የአምፑሉ ክር እንደ ኃይሉ መጠን ስለሚግል ነው። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ኤሌክትሪክ ያስገኘው ዓይነት ቀይ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ፣ ማለት ኤል.ኢ.ዲ.፣ ግን ቮልቴጁ 1.6 ገደማ ካልደረሰ የሚታይ ብርሃን አይሰጥም፤ ተገልብጦ ቢተከልም አይበራም፤ ፍሰቱን የሚገድብ ሬዚስተርም ያስፈልገዋል። እንግዲህ ዑደቱ ሳይስተካከል በአምፑሉ ቦታ ቢገባ፣ መሣሪያው የዳነ ይመስላል እንጂ ሦስተኛውን ምልክት ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ጠጋኙ የቀድሞውን አምፑል ቮልትና አምፔር መርምሮ ተመሳሳዩን መሻት፣ ካጣም ያደረገውን ለውጥ ከነዘመኑ ጽፎ ከመሣሪያው ጋር ማኖር ይገባዋል። አለዚያ የኋላ ተመራማሪ የጠጋኙን ጭማሪ የመጀመሪያው ሠሪ ሥራ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።